የፈንግል ክትባት፦ አንድ ጠብታ በዓይን

ፈንግልን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። በሳይንሱ ስሙ ኒውካስል ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ስለታየ ነው እንዲህ የተባለው። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴትም ታይቷል። መነሻው ቫይረስ ነው። ዶሮዋ ትፈዛለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል። የአንዳንዷ አንገት ይጠመዘዛል። ያልተከተቡ ዶሮዎች መሀል ከገባ በጥቂት ቀን ግቢውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

መድኃኒት የለውም። ሎሚው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ፌጦው ሁሉ ተሞክሯል። ቴትራሳይክሊን የሚሰጡም አሉ፤ እሱ ግን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ያለው መፍትሔ ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ክትባቱ ደግሞ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይሠራል።

ክትባቱ ውስጥ ያለው ዶሮዋን የማይጎዳ፣ ገር የሆነ የዚያው ቫይረስ ዝርያ ነው። ለጫጩት ኤችቢ ዋን፣ ከፍ ስትል ላሶታ የተባለው የክትባት ዝርያ ይሰጣል። ሰውነቷ ከዚህ ገር ቫይረስ ጋር ይለማመድና መከላከያ ያዘጋጃል። ይህ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ጎረቤት ዶሮ መሞት ከጀመረ በኋላ መሯሯጥ ብዙ ጊዜ አያድንም። የታመመችንም መከተብ ዋጋ የለውም።

ዶሮ ከኩስ መውጫዋ በላይ ቡርሳ የሚባል ትንሽ ከረጢት አላት። መከላከያ የሚያመርቱት ሴሎች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ብሩስ ግሊክ የቡርሳን ሥራ አሳየ፤ የእኛም ሰውነት ውስጥ መከላከያ የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህች የዶሮ ከረጢት ነው። እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ጉምቦሮ የሚባለው ሌላው የቫይረስ በሽታ ደግሞ በቀጥታ የሚመታው ቡርሳን ነው፤ በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉ ጫጩቶችን። ከሞት የተረፈችውም መከላከያዋ ስለተጎዳ በኋላ የፈንግል ክትባት ቢሰጣት በደንብ ላይሠራላት ይችላል። በፈንግል ክትባት ላይ የጉምቦሮው የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጫጩት ከእናቷ በአስኳሉ በኩል የተወሰነ መከላከያ ይዛ ትፈለፈላለች። ይህ ለጥቂት ሳምንት ይጠብቃታል፤ ነገር ግን የተሰጣትን ክትባትም ሊያከሽፈው ይችላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ የሰጠውን የቀን ሰሌዳ በግምት መቀየር አይገባም።

አሰጣጡ ቀላል ነው። በዓይን አንድ ጠብታ፣ ከዚያ እስክትጨፍን መያዝ። ብዙ ዶሮ ላለው በመጠጥ ውሃ ይሰጣል፤ አንዳንዷ በደንብ ሳትጠጣ ስለምትቀር ግን የዓይኑ ይሻላል። ውሃው ክሎሪን ሊኖረው አይገባም፣ የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል። ዶሮዎቹን ትንሽ አስጠምቶ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ማድረግ ነው። ክትባቱ እስከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ፀሐይ ላይ ቆይቶ የመጣ ብልቃጥ ውስጡ ሞቶ ሊሆን ይችላል። አይ ቱ የተባለው ዝርያ ሙቀትን በተሻለ ስለሚቋቋም ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር የተመረጠ ነው። ለቤት ዶሮ በየሦስት በየአራት ወሩ መድገም ያስፈልጋል።

ገጠር ላይ ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች ዶሮ የሚበቃ ሲሆን አንዲት እናት ያሏት አምስት ስድስት ዶሮ ናቸው። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። የሚያዋጣው መንደርተኛው እንደ ዕቁብ ተዋጥቶ አንድ ብልቃጥ መግዛትና በአንድ ጠዋት ቤት ለቤት እየዞሩ መከተብ ነው። ከገበያ አዲስ የመጣችውን ዶሮ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻ ማቆየት፤ ብዙ ጊዜ ፈንግል መንደር የሚገባው በእሷ ነው፣ ለበዓል ገበያው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል።