የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች

ቆጥ በገጠር ቤት ውስጥ ከፍ ተደርጎ ከእንጨት የሚሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ዶሮዎች የሚያድሩበትም ቆጥ ይባላል። ከቆጥ ላይ ዕቃ ለማውረድ መንጠራራት ያስፈልጋል። አባባሉም የተወለደው ከዚሁ መንጠራራት ነው። ሴትዮዋ በብብቷ አንድ ነገር ሸጉጣለች። ከላይ ያለውን ለማውረድ ክንዷን ስታነሣ ብብቷ ተከፈተ፤ የሸጎጠችውም ወደቀ።

ብዙ ሰው ይህን አባባል ስግብግብን ለመገሠጽ ይጠቀምበታል። ይህ አጠቃቀም ሴትዮዋን ይበድላታል ባይ ነኝ። በቆጡ ላይ ያለው የራሷ ዕቃ ነው፤ ለቤቷም ያስፈልጋታል። ጥፋቷ የብብቷን አንድ ቦታ ሳታሳርፍ መንጠራራቷ ነው። ክንድ ሲነሣ ብብት መከፈቱ ግድ ነውና የዕቃው መውደቅ የዕድል ጉዳይ አልነበረም።

ይህን አባባል ስሰማ ትዝ የሚለኝ በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ ነው፤ በቀድሞ አጠራሩ ዓለማያ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣሎ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሐረር ለአሥርት ዓመታት የመጠጥ ውሃ ሲልክ ኖሯል። በዙሪያው ያለው ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው። ማሽላው ቤተሰቡን ከዓመት ዓመት አያደርሰውም፤ ጫት ግን ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ያሠራል። በተለይ በበጋ ውሃ ያጠጣ ሰው፣ ሌላው ጋ ቅጠል ሲጠፋ እሱ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ትልቁ የአወዳይ ጫት ገበያም እዚያው አጠገቡ ነው። ታዲያ የውሃ ፓምፕ ገዝቶ ከሐይቁ ቢስብ በምን እንፈርድበታለን? ፓምፑ ግን አንድ አልነበረም። ጎረቤትም ገዛ፣ የጎረቤት ጎረቤትም ገዛ፤ ለከተሞቹም ውሃው ይሳብ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚታጠበው አፈር ደግሞ የሐይቁን ወለል ይሞላል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት በነበረው ወለል ላይ ከብት ተሰማራ። ገበሬው አሁንም ጫቱን ለማዳን የሐይቁን ወለል እየቆፈረ የከርሰ ምድር ውሃ ፈለገ። ሐረር ጀሪካን ይዛ ተሰለፈች። ከዚያ በኋላ ለከተማዋ ውሃ የተፈለገላት ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ነው፤ ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ዳገቱን እንዲወጣ። ከቅርብ ይመጣላት የነበረ ውሃ በብዙ ኃይልና ገንዘብ ዳገት የሚወጣ ሆነ ማለት ነው። የአገር ዕድገት ሲሰላ የጫቱ ሽያጭ በገቢ ይመዘገባል፤ የጠፋው ሐይቅ ግን በየትኛውም መዝገብ በወጪ አልተጻፈም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ተሠርቷል፣ ዛፍም ተተክሏል፤ ውሃውም ተመልሶ መታየት ጀምሯል። በዳርቻው ያለው ጫት ግን ዛሬም በበጋ ውሃ ይፈልጋል።