የከተማ ጤና ማስተርስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሐኪም ካልሆንኩ አይቀበሉኝም።»
ስሕተት ነው። የከተማ ጤና የሕብረተሰብ ጤና ዘርፍ ነው፤ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ክፍል ውስጥ ጤና መኮንኑም፣ ነርሷም፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያውም አሉ። አሜሪካ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በኢኮኖሚክስ ወይም በከተማ ፕላን የተመረቀ ሰውም ይቀበላሉ። ዲግሪው ደግሞ በሽተኛ የማከም ፈቃድ አይሰጥም፤ ይህን አስቦ የሚመዘገብ ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

«ከተማ ጤና ማለት ቆሻሻና ሽንት ቤት ነው።»
እነሱም አሉበት። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የመኪና አደጋና የአየር ብክለትም እዚያው ናቸው።

«384 ላይ 10 በመቶ ጨምሬ 422 ሰው ከጠየቅሁ ናሙናዬ በቃ።»
ብዙ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 384 ለ95 በመቶ እርግጠኝነትና ለ5 በመቶ የስሕተት ወሰን የሚወጣው የተለመደ የናሙና ቁጥር ነው፤ 10 በመቶው መልስ ለማይሰጡ ሰዎች መጠባበቂያ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ሲወጡ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ዕጣ የሚወጣው ለብሎክ፣ ማለትም ለተጎራባች ቤቶች ስብስብ ነው። የአንድ ብሎክ ሰው ውኃው አንድ መስመር፣ ፍሳሹ አንድ ጉድጓድ ስለሆነ መልሱም ይመሳሰላል፤ ሃያኛው ቤት የሚጨምረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። በየብሎኩ 21 ቤት ቢጠየቅና በአንድ ብሎክ ያሉ መልሶች የመመሳሰል መለኪያ (ICC) 0.05 ቢሆን፣ 1 + ((21 − 1) × 0.05) = 2 ይመጣል፤ ናሙናው የሚባዛው በዚህ ነው። ስለዚህ 384 እጥፍ ሆኖ 768፣ ከ10 በመቶው ጋር 845 ይሆናል። ይህን በፕሮፖዛሉ በጀት ያልያዘ ተማሪ መረጃውን ሰብስቦ ከጨረሰ በኋላ ይደነግጣል፤ ያኔ የትኛውም የስታቲስቲክስ ባለሙያ አያድነውም።

«ቤቶቹን ከወረዳው መዝገብ አወጣለሁ።»
መዝገቡ ለመነሻ ይሁን። በአንድ የቤት ቁጥር ውስጥ ግን ባለቤቱ ከፊት፣ ሁለት ሦስት ተከራይ ከጀርባ ይኖራሉ፤ ተከራዮቹ ብዙ ጊዜ መዝገቡ ላይ የሉም። ስለዚህ ቤቶቹን ዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት በተመረጠው ብሎክ ግቢ ለግቢ ዞራችሁ ለብቻው ምግብ የሚያበስለውን ሁሉ ቁጠሩ። በሥራ ሰዓት የሚሄድ መረጃ ሰብሳቢ የሚያገኘው አዛውንትና የቤት ሠራተኛ ነው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመለስ፤ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ እሑድ ይሁን። የተዘጋውን ቤት በጎረቤቱ መተካት አይፈቀድለት። በሩ ቀን የሚዘጋው ቤተሰቡ ሥራ ስለወጣ ነው፤ በተተካ ቁጥር ሠራተኛው ነዋሪ ከጥናቱ እየወጣ ይሄዳል።