ዶሮ በመስክ ላይ ሲረባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሳሶ ወይም ቦቫንስ የተባሉትን የፈረንጅ ዶሮ ዝርያዎች በ45 ቀናቸው ገዝቶ ጓሮ ውስጥ መልቀቅ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተለምዷል። መስክ ለዶሮም ለእንቁላልም ይበጃል። ጉዳት የሚመጣው መስኩ መኖን፣ ክትባትንና ማደሪያን ይተካል ሲባል ነው።

«ሣር ካለ መኖ አይገዛም»

ዶሮ እንደ ላም አታመሰኳም፤ የሣር ቃጫ ጉልበት አይሆናትም። ለምለም ቅጠል፣ ዘር፣ ትልና ምስጥ ይጠቅሟታል፤ ይሁንና ጥሩ የሚባል መስክ እንኳ ከዕለት ምግቧ ከአስር እጅ አንዱን ያህል ቢሸፍን ነው። የሀበሻ ዶሮ ጭራ የምታድረው በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ስለምትጥል ነው። ቦቫንስ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች፤ ለ10 ዶሮ ከ1 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። በበቆሎና በፉርሽካ ብቻ ስትያዝ እንቁላሏ ይቀንሳል፤ ሰው ዝርያውን ይወቅሳል እንጂ የጎደለው ፕሮቲን ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ይጨመርላት። ቅርፊቱ ከሳሳ ደግሞ ያነሳት ካልሲየም ነው። አንድ እንቁላል 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ ይህን ሣር አይተካውም። የደቀቀ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም ታጥቦ፣ ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በዕቃ ይቀመጥላት፤ የሚበቃትን ራሷ ትለቅማለች።

ሣሩም ከ10 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ይታጨድ። የጠነከረ ረጅም ሣር አንገቷ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋባታል።

«የ45 ቀኗ ተከትባ ስለምትመጣ ፈንግል አይነካትም»

ከሁሉም በላይ ብዙ ዶሮ የሚያስፈጀው ይህ እምነት ነው። በጫጩትነቷ የተሰጣት ክትባት ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ውጭ የምትውል ዶሮ ደግሞ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ትገናኛለች። ስለዚህ በየ3 ወሩ ገደማ ይደገም። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ጎረቤት ተሰባስቦ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ቢቆርጥ ይሻላል። ላሶታ የተባለው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ዶሮዎቹ አስቀድመው ለ2 ሰዓት ያህል ውሃ አይጠጡ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ ክትባቱ ከመግባቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት በሊትር 2 ግራም ያህል ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ይጨመርበት። የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ያለ በረዶ የመጣ ወይም ፀሐይ የመታው ላሶታ ከሆነ ተራ ውሃ ማጠጣት ነው።

ፈንግል ከገባ በኋላ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቴትራሳይክሊን አያድኑም፤ በሽታው ቫይረስ ነው። ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ 3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

«ጓሮው ሰፊ ከሆነ ይበቃል»

ዶሮ ገላጣ ቦታ ትፈራለች፤ ጭልፊት አለና። ጥላ ከሌለ ማደሪያዋ በር ላይ ትከማቻለች፤ መሬቱ ይላጣል፣ ኩስ ይጠራቀማል፣ የሆድ ትልና ኮክሲዲያ (አንጀት የሚያጠቃ ጥቃቅን ተውሳክ) ይበዛል። ጌሾ፣ ሙዝ ወይም ቡና ይተከል። ለአንድ ዶሮ 4 ካሬ ሜትር ታስቦ ግቢው በአራት ይከፈል፤ በየ2 ሳምንቱ ቢዘዋወሩ እያንዳንዱ ክፍል 6 ሳምንት ያርፋል። የትል እንቁላል ግን አፈር ውስጥ ወራት ስለሚቆይ የትል መድኃኒቱ አይቀርም። ማታ ደግሞ ሸለምጥማጥ የማይገባበት ቤትና ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ያስፈልጋል።

«አስኳሉ የነጣው የፈረንጅ ዶሮ ስለሆነች ነው»

የአስኳል ቀለም የሚመጣው ከምትበላው ቅጠልና ከቢጫ በቆሎ ነው። ሳሶ አልፋልፋና ጎመን ስትበላ በ2 ሳምንት ገደማ አስኳሏ ይደምቃል፤ የሀበሻዋም ተዘግታ ነጭ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ከተሰጣት ይነጣል። የመስክ ጥቅም በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የፕሮቲኑን መጠን ግን ቀለሙ አይናገርም።

«የሳሶ እንቁላል ቢታቀፍ ሳሶ ይፈለፈላል»

ሳሶም ቦቫንስም ድቅል ናቸው። ጫጩቶቻቸው ይፈለፈላሉ፤ ግን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይሆናል፣ የእናታቸውንም ያህል አይጥሉም። ከራሱ ቤት መተካት የሚፈልግ ጫጩቶቹ እናታቸውን የሚመስሉለትን ኮኮክ የተባለውን ዝርያ ይያዝ፤ ለ10 ሴት አንድ አውራ ይበቃል፣ ዝምድና እንዳይበዛም አውራው በየዓመቱ ከሌላ ቤት ይቀየር።