ዜንዴያ፦ ከልጆች ቴሌቪዥን እስከ መሪ ተዋናይትነት

ዜንዴያ ማሪ ስቶርመር ኮልማን በመጀመሪያ ስሟ ብቻ የምትጠራ አሜሪካዊት የቴሌቪዥንና የፊልም ተዋናይት ናት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ኦክላንድ ከተማ ተወለደች። እናቷም አባቷም መምህራን ነበሩ። እናቷ በካሊፎርኒያ ሼክስፒር ቴአትር ተጨማሪ ሥራ ስለነበራት ልጅቷ አብራት እየሄደች የገቢ ማሰባሰቢያ ትኬት ትሸጥ፣ ታዳሚውንም ወደየመቀመጫው ትመራ ነበር። ትወናን ቀርባ ያየችው እዚያ ነው፤ በኋላም በቴአትር ቤቱ የወጣቶች ሥልጠና ገብታ ተምራለች። በልጅነቷ በአንድ የሂፕ ሆፕ ዳንስ ቡድን ውስጥም ጨፍራለች።

እውቅና ያገኘችው ዲዝኒ ቻነል ከ2010 ጀምሮ ባሳየው «ሼክ ኢት አፕ» በተሰኘ የታዳጊ ዳንሰኞች ተከታታይ ድራማ ነው። ለዚህ ሥራ ከአባቷ ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ ስትዛወር እናቷ ኦክላንድ ቀርታ ማስተማሯን ቀጠለች። ድራማው በ2013 አበቃ። በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ሁለተኛ ወጣች፣ የሙዚቃ አልበምም አወጣች።

ብዙ የልጆች ቴሌቪዥን ተዋንያን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ እንደ ልጅ ያውቃቸዋል፤ አዘጋጆችም የአዋቂ ሚና ለመስጠት ያመነታሉ። ዜንዴያ ይህን ጊዜ ያለፈችበት መንገድ ከሽልማቶቿ ይልቅ ሊታይላት ይገባል። ዲዝኒ «ኬ.ሲ. አንደርከቨር» ለተባለ ድራማ ሲፈልጋት ገና 20 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ሆኖም ዝም ብላ አልፈረመችም። በፕሮዲውሰርነት እንድትሳተፍ፣ የታሪኩ ቤተሰብም ጥቁር እንዲሆን ጠየቀች። መሪዋ ገጸ ባሕሪ ዘፈንም ዳንስም እንዳትችል አጥብቃ ፈለገች፤ ጎበዝ ልጃገረድ በስክሪን ላይ የምትታየው ስትዘፍንና ስትጨፍር ብቻ መሆን የለበትም ብላ ታምን ነበርና። ኬ.ሲ. በሒሳብ የተካነች ሰላይ ሆና ቀረበች። ድራማው ከ2015 እስከ 2018 ታይቷል።

በ2015 የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ፀጉሯን ድሬድሎክ (እንደ ገመድ የተጠቀለለ ፀጉር) ተሠርታ ስትገኝ አንዲት የቴሌቪዥን አቅራቢ ስለ ፀጉሯ የሚያዋርድ አስተያየት ሰጠች። ዜንዴያ በጽሑፍ የመለሰችው በስድብ አልነበረም፤ በዚያ ዓይነት ፀጉር የሚታወቁ የፊልም አዘጋጅ፣ ደራሲና የዩኒቨርሲቲ መምህር በስም እየጠራች፣ አባቷንና ወንድሟንም ጨምራ፣ ድሬድሎክ የጥንካሬና የውበት ምልክት መሆኑን አስረዳች። አቅራቢዋ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቃለች።

ወደ ትልልቅ ፊልሞች የገባችው በ2017 በ«ስፓይደር-ማን፦ ሆምካሚንግ» ነው። ትልቁ ለውጥ ግን ከ2019 ጀምሮ ኤችቢኦ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባሳየው «ዩፎሪያ» መጣ። በዚህ ድራማ ሩ የምትባለውን በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘች ታዳጊ ትጫወታለች። ሩ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ስትጋጭ ቁጣዋና ልመናዋ ተደባልቀው ይወጣሉ፤ ተመልካች ሲያዝንላትም ሲናደድባትም ይውላል። በዚህ ሚና በ2020፣ በ24 ዓመቷ፣ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት፣ ኤሚን፣ በድራማ መሪ ተዋናይትነት ያሸነፈች በዕድሜ ትንሿ ሆነች። ሥነ ሥርዓቱ በኮቪድ ምክንያት ከርቀት ስለተካሄደ ሽልማቷን ቤተሰቧ ከብቧት ተቀበለች። በ2022 በዚሁ ሚና ደገመችው፤ በዚህ ዘርፍ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይትም ሆነች።

በ2020 በወረርሽኙ መካከል የተቀረጸው «ማልኮም ኤንድ ማሪ» በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ተዋንያን ብቻ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሥራ ላቆሙት የ«ዩፎሪያ» ባለሙያዎች እንጀራ እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ ፊልሙ ሲሸጥ እነሱም ከገቢው ድርሻ እንዲያገኙ ተደርጓል።

በ2021 በወጣው «ዱን» በተባለ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም የታየችው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ በ2024ቱ ሁለተኛ ክፍል ግን የታሪኩን ጥያቄ የተሸከመችው እሷ ናት፤ ሕዝቡ ነቢይ ብሎ የተከተለውን ሰው የምትጠራጠረው ቻኒ። በዚያው ዓመት የወጣውን «ቻሌንጀርስ» ደግሞ ከመሪ ተዋናይትነቷ ሌላ በፕሮዲውሰርነትም ሠርታለች፤ በጉዳት ከሜዳ የወጣች የቴኒስ ተጫዋች ሆና ለመቅረብ ለወራት ልምምድ አድርጋለች።