ውሻ የሚማረው አይቶ ነው ወይስ ተሸልሞ?

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ፣ «ቡቺ በር መክፈት የለመደው እኔን አይቶ ነው» ይላሉ። ቆሜ ተመለከትሁ። እርሳቸው መወርወሪያውን በእጃቸው ወደ ጎን ይስባሉ፤ ቡቺ ግን በሩ እስኪላቀቅ ድረስ በአፍንጫው ያንገጫግጨዋል። ይህ መኮረጅ አይደለም። አንድ ቀን ሲነካካው ተከፈተለት፣ ወጣም፤ መውጣቱ ራሱ ሽልማት ሆነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ድመቶችንና ውሾችን በሳጥን ዘግቶ ያየው ይህንኑ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል።

ሽልማት ማለት ሥጋ ብቻ አይደለም፤ መዳበስም፣ ጨዋታም ነው። ዋናው ነገር ጊዜው ነው፤ ድርጊቱን ወዲያው መከተል አለበት። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ጠፍቶ ውሎ ሲጠሩት ቢመጣና በዱላ ቢመቱት፣ የሚማረው መጥፋት ክፉ መሆኑን ሳይሆን ሲጠሩት መምጣት እንደሚያስመታ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉት።

ታዲያ ውሻ ጭራሽ አይኮርጅም? ይኮርጃል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች «እኔ እንደማደርገው አድርግ» የሚል ትእዛዝ አስተምረዋል፤ ሰውየው ወንበር ዞሮ ሲያዝዘው ውሻውም ይዞራል። ነገር ግን ትእዛዙን መጀመሪያ የለመደው በሚያውቃቸው ድርጊቶች፣ በትክክል በደገመ ቁጥር እየተሸለመ ነው። ቡቺን በዚህ መንገድ ማስተማር የፈለገ ሰውም «ተቀመጥ» እና «ተኛ» ከሚሉት ይጀምር፤ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ቁራሽ ዳቦ አይጥፋ።