የጁሩፓ ኦክ ምንድን ነው?

በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ካውንቲ፣ በጁሩፓ ኮረብቶች ላይ፣ በትልልቅ ቋጥኞች መካከል የተሸጎጠ ቁጥቋጦ አለ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ብዙም ስለማይዘል አላፊ አግዳሚው ልብ አይለውም። ዕድሜው ግን ቢያንስ 13,000 ዓመት እንደሆነ ይገመታል።

ኦክ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ግዙፍ ዛፍ ነው። አብርሃም በመምሬ የተቀመጠበትን፣ በብዙ ቋንቋዎች «ኦክ» የተባለውን ዛፍ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የአድባር ዛፍ» ይለዋል። ኦክ በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልምና ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል። የጁሩፓው ግን የአድባር ግርማ የለውም። ዝርያው የፓልመር ኦክ ይባላል፤ ቅጠሉ ትንሽና ደረቅ፣ ጠርዙ እንደ እሾህ የሚዋጋ ነው፤ በበጋም በክረምትም አይረግፍም። ዘመዶቹ ከፍ ባለ፣ ቀዝቀዝና እርጥብ ባለ ቦታ ሲኖሩ እሱ ብቻውን ደረቅና ሞቃት ኮረብታ ላይ ቀርቷል። የበቀለው የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ አካባቢው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

ታዲያ ዕድሜው እንዴት ታወቀ? ቦታው ላይ 70 ገደማ የግንድ ስብስቦች፣ 25 ሜትር በ8 ሜትር በሆነ መሬት ላይ ተበትነው ይታያሉ። ሁሉም ቁርጥ አንድ ዓይነት መሆናቸው ተመራማሪዎችን አጠራጠራቸው። ቢመረምሯቸው በዘር አንድ ናቸው፤ ማለትም ሰባው ሁሉ አንድ ተክል ነው። ሰደድ እሳት ግንዱን ሲበላው፣ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው ሁሉ ይኸኛውም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ በየጊዜውም ወደ ዳር ትንሽ ይሰፋል። አሮጌው እንጨት በስብሶ ስለጠፋ፣ ግንድ በየዓመቱ የሚጨምረውን ቀለበት ቆጥሮ ወደ መጀመሪያው መድረስ አይቻልም። ስለዚህ በቅርብ ጊዜ ግንዶች ቀለበት የዕድገቱን ፍጥነት ለኩ፤ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመሃል እስከ ዳር ያለውን ርቀት ለዚህ ሲያካፍሉት ያ ሁሉ ሺህ ዓመት ወጣ። ጥናቱ የታተመው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ ዛሬ የሚታየው ግንድ ወጣት ነው፤ ያረጀው ተክሉ ነው። የሚበቅል ፍሬ ሲያፈራም አልተገኘም። ዘር ሳይተካ፣ ራሱን በራሱ እየተካ እዚህ ደርሷል።

በ2024 እ.ኤ.አ. የጁሩፓ ቫሊ ከተማ ምክር ቤት በአቅራቢያው ሰፊ የቤቶች ግንባታ ሲያጸድቅ፣ ተቃዋሚዎች የፈሩት ቁፋሮው የሥሩን ውሃ እንዳያሸሽበት ነበር።