9 አሸንፎ 1 የተሸነፈ ቡድን ለምን ቤቱ ሊቀር ይችላል?

በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ይህ ጥያቄ ይደጋገማል፦ በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ዲቪዥን 3 የአሜሪካን ፉትቦል፣ 7 አሸንፎ 3 የተሸነፈው ወደ ጥሎ ማለፍ ሲገባ 9 ያሸነፈው ለምን በስጋት ይጠብቃል?

ቡድኖች ሁለት የውጤት መዝገብ ስላላቸው ነው። አብዛኞቹ በመደበኛው ወቅት 10 ጨዋታ ያደርጋሉ። አንዱ መዝገብ አሥሩንም ይቆጥራል፤ ሌላው ከራሳቸው ኮንፈረንስ፣ ማለትም በየወቅቱ እርስ በርስ ከሚጋጠሙበት ምድብ፣ ቡድኖች ጋር ያደረጉትን ብቻ። ሻምፒዮኑን የሚለየው ሁለተኛው ነው፤ ኮንፈረንሱ ቀጥታ ማለፊያ ካለው ደግሞ ሻምፒዮኑ የማንንም ምርጫ አይጠብቅም።

ቡድን ሀ ሴፕቴምበር ላይ ሦስቱን ከኮንፈረንስ ውጭ ያሉ ጨዋታዎች ተሸነፈ እንበል፤ ከዚያ 7ቱን የኮንፈረንስ ጨዋታዎች ጠራርጎ አሸነፈ። ቡድን ለ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም በሀ። ሀ አለፈ። ለ ግን ከ2024 ወዲህ ካሉት 40 ቦታዎች፣ ከሻምፒዮኖቹ የተረፉት እስኪታደሉ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ከኮንፈረንስ ውጭ ያሉ ጨዋታዎች ዋጋ ያወጣሉ፤ ምርጫው የተጋጣሚን ጥንካሬ ስለሚመዝን፣ ደካማ ቡድኖችን እየመረጡ ማሸነፍ ዋስትና አይሆንም።

ሁለት ቡድኖች እኩል ከጨረሱ ብዙ ጊዜ የእርስ በርስ ውጤታቸው ይታያል። ሦስት ሲሆኑ ግን ደንቡ ከኮንፈረንስ ኮንፈረንስ ይለያያልና የራሳችሁን አንብቡ።